የባሕር ሞገድ በምን ይለካል?



ከባሕር ርቀን የምንኖር ልጆች ስለ ባሕር ሞገድ ማወቃችን ምን ይጠቅመናል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ከውጭ አገር ከሚመጣልን ዕቃ አብዛኛው በመርከብ ተጭኖ እስከ ጅቡቲ ወደብ የሚደርሰው በባሕር ላይ ነው። ከዚህም በላይ እንጀራ ፍለጋ በትንንሽ ጀልባ ወደ የመን ሲሻገሩ ሰጥመው የቀሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

የሞገድ ከፍታ የሚባለው ከዝቅተኛው ቦታ እስከ ጫፉ ያለው ርቀት ነው። ሞገድ ሁሉ እኩል ስላልሆነ፣ ሊቃውንት ከተለኩት ሞገዶች ከፍተኛ የሆኑትን አንድ ሦስተኛዎቹን ለይተው አማካያቸውን ይወስዳሉ። ሆኖም ከዚህ አማካይ እጅግ የሚበልጥ አልፎ አልፎ ይነሣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ድራውፕነር በተባለው፣ በሰሜን ባሕር በሚገኘው የኖርዌይ የጋዝ ጣቢያ 25.6 ሜትር ከፍታ ያለው ሞገድ ተለክቷል፤ የዚያን ጊዜው አማካይ ግን 12 ሜትር ያህል ነበር። መርከበኞች ሲያወሩት ብዙዎች የተጠራጠሩት ነገር በመለኪያ እውነትነቱ ታወቀ።

በጥልቅ ባሕር ላይ የሜትር በትር መትከል አይቻልም። ስለዚህ ከሞገዱ ጋራ የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ ዕቃ ይጣላል፤ በውስጡም ፍጥንጥነትን የሚለካ መሣሪያ ይቀመጣል። ከፍጥንጥነት ፍጥነት፣ ከፍጥነትም ርቀት በሒሳብ ይገኛል። ለምሳሌ በየ10 ሴኮንዱ የሚመላለስ የ2 ሜትር ሞገድ ፍጥንጥነቱ ቢበዛ 0.4 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ያህል፣ ማለት የመሬት ስበት 25ኛ እጅ ነው።

እንዲህ ያለው ተንሳፋፊ ቀድሞ የሚሠራው ዋጋው ከፍ ባለ መሣሪያ ነበር። ዛሬ ግን በእጅ ስልካችን ውስጥ ያለው ዐይነት፣ ከጥፍር የሚያንስ መሣሪያ በጥቂት ዶላር ይገዛል። ታዲያ ችግሩ ምንድር ነው? ትንሽ ስሕተት አለበት። ስሕተቱ 0.01 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ብቻ ቢሆን፣ በጠረጴዛ ላይ ጸጥ ብሎ የተቀመጠው መሣሪያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 18 ሜትር የተጓዘ መስሎ ይታያል! ግማሹን የ0.01 በ60 ካሬ አባዝታችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ።

መድኃኒቱም ከሞገዱ ጠባይ ይገኛል። በነፋስ የሚነሣ ሞገድ የሚመላለሰው በጥቂት ሴኮንዶች፣ ቢረዝም በ20 ወይም በ25 ሴኮንድ ገደማ ነው። ስለዚህ ከዚህ ይልቅ በዝግታ የሚለወጠው ሁሉ ከሒሳቡ ይጣላል፤ ስሕተቱም አብሮ ይወገዳል። ተንሳፋፊው ሲያጋድል የመሬት ስበት እንዳያሳስት ደግሞ ማጋደሉን የሚለካ ሌላ መሣሪያ ይጨመርለታል። በመጨረሻም ከታመነ መለኪያ ጎን ተደርጎ ይፈተናል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጉድለቱ ታውቆ የታረመ ርካሽ መሣሪያ፣ ሳይመረመር ከታመነ ውድ መሣሪያ ይሻላል። ርካሽ ከሆነም በአንዱ ዋጋ ብዙውን በባሕር ላይ መበተን ይቻላል፤ የማዕበሉም ወሬ ከጀልባው ቀድሞ ይደርሳል። በክፍል የምንማረው ሒሳብ የሰው ነፍስ ለማዳን እንደሚረዳ ከዚህ እንገነዘባለን።