ሳጥን 24፦ የአሜሪካ ወታደር የስንብት ወረቀት እንዴት ይታረማል?

ከአሜሪካ ጦር የሚሰናበት ሰው አንድ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ዲዲ 214 ይሉታል። ስም፣ ማዕረግ፣ የተቀጠረበትና የወጣበት ቀን፣ የተማራቸው ኮርሶች፣ የተሸለማቸው ሜዳልያዎች በትንንሽ ሳጥኖች ተከፋፍለው ተደርድረውበታል። ቀጣሪ የሚያየው ግን የወረቀቱን ግርጌ ነው። ሳጥን 24 አገልግሎቱ በክብር የተፈጸመ መሆን አለመሆኑን ይናገራል። ሳጥን 26 የስንብቱን ኮድ፣ ሳጥን 27 ሰውየው ተመልሶ መቀጠር ይችል እንደሆነ የሚገልጸውን ኮድ፣ ሳጥን 28 ደግሞ የተሰናበተበትን ምክንያት ይይዛል። እዚያ ላይ «የሥነ ምግባር ጥፋት» የሚል ቃል ከሰፈረ ከላይ የተደረደረውን ሜዳልያ ልብ ብሎ የሚያነብ አይገኝም።

ወረቀቱ አጭርና ረጅም ቅጂ አለው። አጭሩ እነዚህን የግርጌ ሳጥኖች አያሳይም፤ ስለዚህ ቀጣሪውም፣ ኮሌጁም፣ የቤት ብድር ሰጪውም የሚጠይቁት ረጅሙን ነው። ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይወረሳል እንዲሉ፣ አዛዡ በቁጣ የተናገረው ይረሳል፤ ሳጥን 24 ላይ የተጻፈው ግን ሰውየውን እስከ ሽምግልናው ይከተለዋል። ይህን ጽሑፍ አይተው የሚያርሙ ቦርዶች እንዳሉ፣ ምን እንደሚጠይቁና ምን እንደሚመዝኑ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አምስቱ ስንብቶች

ዋናዎቹ የስንብት ዓይነቶች አምስት ናቸው። አንደኛው የክብር ስንብት ነው፤ በሩን ሁሉ ይከፍታል። ሁለተኛው «አጠቃላይ» የሚባለው ነው። ሲያዩት ከክብር ስንብት ብዙም የሚለይ አይመስልም፤ ይሁን እንጂ ጂአይ ቢል የተባለውን የትምህርት ክፍያ ያስቀራል። ሦስተኛው «ከክብር ውጭ» የተባለው ነው፤ ከአስተዳደራዊ ስንብቶች ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። እነዚህ ሦስቱ ያለ ፍርድ ቤት፣ በአዛዦች ውሳኔ የሚሰጡ ናቸው። አራተኛውና አምስተኛው፣ ማለትም የመጥፎ ጠባይ ስንብትና ያለ ክብር ስንብት፣ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ካልሆነ አይሰጡም።

በጥፋት ምክንያት የሚወጣው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። በሽንት ምርመራ ሐሺሽ ይገኝበታል፣ ወይም ከጦር ሰፈሩ ሳያስፈቅድ ይጠፋል፣ ወይም ከአለቃው ጋር ይጣላል። ክስ ሲመሠረትበት አንድ አማራጭ ይቀርብለታል፦ ፍርድ ቤት ከመቆም ይልቅ በገዛ ፈቃድህ ፈርመህ ውጣ። የ20 ዓመት ልጅ እስር ቤት እያሰበ ይፈርማል። የፈረመው ነገር ምን እንደሆነ የሚገባው በኋላ፣ ኮሌጅ ሲመዘገብ ወይም የሚያመው ነገር ኖሮ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሲሄድ ነው።

በየካምፑ የሚወራ አንድ ወሬ ደግሞ አለ። «ስድስት ወር ጠብቅ፣ በራሱ ይስተካከላል» ይባላል። ፍጹም ሐሰት ነው። በጊዜ ርዝመት ብቻ የተስተካከለ ስንብት የለም፤ ባለቤቱ ራሱ አቤት ማለት አለበት።

ሰማያዊው ወረቀት

ቦርዶቹ የተወለዱት በአንድ አሳፋሪ ወረቀት ዘመን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የክብርም የውርደትም ያልሆነ ስንብት ይሰጥ ነበር። የሚታተመው በሰማያዊ ወረቀት ላይ ስለነበር ስሙም ከዚያ ወጣ። ያለ ፍርድ የሚሰጥ ነበረ፤ የያዘው ሰው ግን የጦርነቱን ተመላሾች ኮሌጅ ካስገባውና ቤት ካሠራው የጂአይ ቢል ጥቅም ይከለከል ነበር። ከታኅሣሥ 1941 እስከ ሰኔ 1945 ድረስ 48,603 ሰዎች ይህን ወረቀት ተቀብለዋል። ከእነዚህ ውስጥ 10,806ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከመቶ 22 መሆናቸው ነው። በሠራዊቱ ውስጥ የጥቁሮች ድርሻ ግን ከመቶ 7 እንኳ አይሞላም ነበር። ሰማያዊው ወረቀት በ1947 ቀረ።

ያ ዘመን ሳያልፍ ሁለት ሕጎች ወጡ። የ1944ቱ ሕግ፣ ማለትም ራሱ ጂአይ ቢል፣ የስንብት ገምጋሚ ቦርዶችን አቋቋመ። ሁለተኛው የ1946ቱ ነው። ከዚያ በፊት መዝገቡ የተበላሸበት ወታደር የነበረው መንገድ የምክር ቤት አባል ፈልጎ በስሙ የተለየ ሕግ እንዲወጣለት መለመን ነበር፤ የእኛ ሰው ደጅ ጥናት የሚለው ዓይነት። ምክር ቤቱ በዚህ ልመና ስለተጨናነቀ በሩን በራሱ ላይ ዘጋና ሥራውን ለመዝገብ አራሚ ቦርዶች አስተላለፈ።

ያ በር ምን ያህል ከባድ እንደነበር ሄንሪ ፍሊፐር ያውቀዋል። በ1856 ጆርጂያ ውስጥ ከባሪያ ቤተሰብ ተወለደ፤ በ1877 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ቴክሳስ ውስጥ ፎርት ዴቪስ በተባለ ጦር ሰፈር የስንቅ ሹም ሳለ ከእጁ ገንዘብ ጎደለ። ደንግጦ ለአለቃው ዋሸ። ወታደራዊው ፍርድ ቤት ከገንዘብ ማጉደል ክስ ነፃ አወጣው፤ ግን ለመኮንን የማይገባ ምግባር ፈጽሟል ብሎ ፈረደበት። የጦሩ ዋና የሕግ ሹም ቅጣቱ እንዲቀልለት ሐሳብ ቢያቀርብም ፕሬዚዳንት አርተር ስንብቱን አጸደቁ፤ ሰኔ 30 ቀን 1882 ተባረረ። ከዚያ በኋላ በምክር ቤቱ ደጅ ብዙ ጊዜ ተመላለሰ። በ1940 ሲሞት ወረቀቱ እንዳለ ነበረ።

ሁለት በሮች

ዛሬ አመልካች የሚያንኳኳቸው ዋና በሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የስንብት ገምጋሚ ቦርድ ነው። ዲዲ 293 በተባለ ፎርም ይቀርባል፤ ሰውየው ከተሰናበተ 15 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። ቢያንስ ሦስት አባላት ፋይሉን ያያሉ፤ አመልካቹ ከፈለገም ቀርቦ ያስረዳል። በፋይል ብቻ ታይቶ ውድቅ የተደረገበት ሰው 15 ዓመቱ ሳያልፍ ቀርቦ መሰማትን መጠየቅ ይችላል። ይህ ቦርድ በከፍተኛው ወታደራዊ ፍርድ ቤት የተፈረደን ስንብት አይነካም።

ሁለተኛው መዝገብ አራሚው ቦርድ ነው፤ ፎርሙ ዲዲ 149 ይባላል። አባላቱ ሲቪሎች ናቸው፤ ሦስት ሆነው ይወስናሉ። ስህተቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብለት ይጠይቃል፤ ሆኖም ለፍትሕ ሲባል ቀኑን ማለፍ ስለሚችል ከ40 ዓመት በፊት የተሰናበተ ሽማግሌም ፋይሉን ያስገባል። የፍርድ ቤትን ጥፋተኝነት መሰረዝ አይችልም፤ ቅጣቱን ግን በምሕረት ማቅለል ይችላል።

ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም፤ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ስንብቱ እንዲሻሻልለት ያመለከተ ሰው ከያዘው የባሰ ስንብት ይደርሰኛል ብሎ መስጋት የለበትም። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፤ ውሳኔው ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ምን ይመዝናሉ?

አመልካቾች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቦርዱ ፊት የሚቀርቡት «አላጠፋሁም» ለማለት ነው። ቦርዱ ደግሞ የመንግሥት ሥራ በደንቡ ተሠርቷል ከሚል ግምት ይነሣል፤ ያን ግምት የማፍረስ ሸክም በአመልካቹ ላይ ነው። ማስረጃ የሌለው ክህደት ሸክሙን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ገምጋሚው ቦርድ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፣ ስንብቱ በሕጉና በደንቡ መሠረት ተፈጽሟል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ደንቡ ተጠብቆም ቢሆን ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ጥፋቱን አምኖ ለሚመጣ ሰው የተከፈተ ነው። ሰውየው አጥፍቷል፤ ግን የአራት ዓመት አገልግሎት በአንድ ሳምንት ጥፋት ይመዘን ወይ?

መከላከያ ሚኒስቴሩ ይህን ሚዛን ለማስተካከል በተከታታይ መመሪያ አውጥቷል። በ2014 ሚኒስትሩ ቸክ ሄግል ከጦርነት የተረፈ የአእምሮ ጠባሳ ያለበት ሰው ጉዳይ በለጋስ ዓይን እንዲታይ አዘዙ። የ2017ቱ መመሪያ የጭንቅላት ጉዳትንና በአገልግሎት ላይ የደረሰን ወሲባዊ ጥቃትም ጨምሮ አራት ጥያቄ ደረደረ፦ ጥፋቱን ሊያቀል የሚችል ሕመም ወይም አደጋ ነበረ ወይ? የደረሰው በአገልግሎት ላይ ሳለ ነው ወይ? ጥፋቱን በእርግጥ ያቀለዋል ወይ? ስንብቱን ለመለወጥስ ይበቃል ወይ? የ2018ቱ መመሪያ ደግሞ የክብር ስንብት እንከን የለሽ አገልግሎትን እንደማይጠይቅ አስታወሰ።

የእኛ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር የ2017ቱ መመሪያ ውስጥ አለ። ማስረጃው ከወታደራዊ ሆስፒታል ብቻ መምጣት የለበትም። በዚያን ጊዜ ልጁ ሌሊት እየባነነ ሲጮህ የሰማች እናት፣ አብሮት ያደረ ጓደኛ፣ ምስጢሩን የነገራቸው ካህን የሚጽፉት ደብዳቤ ይመዘናል። በአማርኛ የተጻፈውን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ ማያያዝ ነው።

አንድ ገጽ እንዴት ይጻፋል

ለምሳሌ አንድ ወጣት መጀመሪያ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «ምንም አላጠፋሁም። አዛዡ ስለጠላኝ ነው። ሕይወቴ ተበላሽቷል።» ይህ ገጽ ለቦርዱ የሚሰጠው አንዳች ነገር የለም። ሁለተኛ ሲሞክረው እንዲህ ሆነ፦ «ኅዳር ላይ ከአፍጋኒስታን ተመለስኩ። እስከ ጥር ድረስ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ አልተኛሁም። ሐሺሽ ማጨስ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ የካቲት ላይ በሽንት ምርመራ ተገኘብኝ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት አንድም ቅጣት የለብኝም። ሐኪም የታየሁት ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ማስረጃው ተያይዟል። ዛሬ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ።» እዚህ ላይ ቀን አለ፣ ጥፋት አለ፣ ምክንያት አለ፣ ከጥፋቱ በፊትና በኋላ የኖረ ሰው አለ። አራቱም ጥያቄዎች የሚይዙት ነገር አገኙ።

ከመጻፍ በፊት ግን ፋይሉን ማግኘት ያስፈልጋል። የቀድሞ ወታደሮች መዝገብ ሚዙሪ ውስጥ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኝ ማዕከል ይቀመጣል። በሐምሌ 1973 የተነሣ እሳት እዚያ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል በልቷል፤ ከ1960 በፊት ከምድር ጦሩ የወጡት ብዙ ሽማግሌዎች በራሳቸው ሣጥን ያኖሩት አሮጌ ወረቀት ብቸኛ ምስክራቸው የሆነው ለዚህ ነው።

ስደተኛው ወታደር

ለውጭ ተወላጅ ወታደር ሳጥን 24 ሌላም ክብደት አለው። ጦሩ ከ2009 ጀምሮ ማቭኒ በተባለ ፕሮግራም ግሪን ካርድ የሌላቸውን፣ በሕጋዊ ቪዛ ያሉ ስደተኞች ለቋንቋቸውና ለሕክምና ሙያቸው ብሎ ይቀጥር ነበር፤ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች መካከል አማርኛ ነበረበት። ፕሮግራሙ በ2016 ቆሟል። በዚያም ሆነ ግሪን ካርድ ይዘው ገብተው፣ በአገልግሎታቸው የአሜሪካ ዜግነት ያገኙ ልጆቻችን አሉ። ሕጉ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። በውትድርና ዜግነት ያገኘ ሰው በድምሩ 5 ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር ውጭ ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊሻር ይችላል። «ፈርመህ ውጣ» የተባለ ስደተኛ ከመፈረሙ በፊት የጦሩን ተከላካይ ጠበቃ ብቻ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃም ማማከር ያለበት ስለዚህ ነው።

የፍሊፐር ወረቀት

በ1976 የፍሊፐር ዘመዶችና ደጋፊዎች ለምድር ጦሩ መዝገብ አራሚ ቦርድ አመለከቱ። ቦርዱ ጥፋተኛነቱን መሰረዝ ሥልጣኔ አይደለም አለ፤ ፍሊፐር አልዋሸም የሚል ቃልም አልጻፈም። ቅጣቱ ግን ከልክ ያለፈና ኢፍትሐዊ ነበር ብሎ ደመደመ። የክብር ስንብት ተጻፈለት። ጥፋተኛነቱ ራሱ ይቅር የተባለው ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1999 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ምሕረት ሲሰጡት ነው።

ያ የክብር ስንብት ከሞተ 36 ዓመት ለሆነው ሰው ተዘጋጅቶ ሲፈረም የሰፈረበት ቀን የ1976 አልነበረም። ሰኔ 30 ቀን 1882 ይላል፤ የተባረረበት ቀን።