ተጨማሪ መረጃ፦ ኮምፒውተር ካርታ ሲበውዝ

52 ካርታዎች የሚደረደሩባቸው መንገዶች ብዛት 52! (52 × 51 × 50 × … × 1) ነው። ይህ ባለ 68 አሃዝ ቁጥር ነው። ብወዛው ትክክለኛ የሚባለው እያንዳንዱ አደራደር እኩል ዕድል ሲኖረው ነው። በኢንተርኔት ፖከር ግን የሚበውዝ እጅ የለም፤ ሥራው የፕሮግራም ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን የሶፍትዌር ደኅንነት ባለሙያዎች ፕላኔት ፖከር በተባለው ድረ ገጽ ይሠራበት የነበረውን የመበወዣ ፕሮግራም መረመሩ። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት እምነት ለማግኘት ሲል ኮዱን ራሱ ይፋ አድርጎት ነበር። ችግሩም እዚያው ተገኘ።

ፕሮግራሙ የዘፈቀደ ቁጥሮችን የሚያመነጨው ከአንድ መነሻ ቁጥር ሲሆን፣ መነሻው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፈው ሚሊሰከንድ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ያለው ሚሊሰከንድ፦

24 × 60 × 60 × 1,000 = 86,400,000

አንድ መነሻ ቁጥር ሁልጊዜ የሚሰጠው አንድ ዓይነት አደራደር ስለሆነ፣ ባለ 68 አሃዙ ብዛት ወደ ባለ 8 አሃዝ ወረደ። ባለሙያዎቹ ሰዓታቸውን ከድረ ገጹ ሰዓት ጋር ሲያስተካክሉ ደግሞ የቀረው ወደ 200,000 ገደማ ብቻ ሆነ። አንድ ተጫዋች በእጁ ያሉትን 2 ካርታዎችና ጠረጴዛ ላይ የተገለጡትን 3 ካርታዎች ለኮምፒውተር ቢሰጥ፣ የተቃዋሚዎቹን ካርታና ቀጥሎ የሚወጣውን ወዲያው ያውቅ ነበር። ስህተቱ ከታወቀ በኋላ ፕሮግራሙ ተስተካክሏል።

አስተውሉ፦ ቁጥሮቹ ለዓይን የተዘበራረቁ መምሰላቸው ብቻ አይበቃም፤ መነሻቸውም የማይገመት መሆን አለበት።