ልጁን ከቤቱ ሳይነጥሉ

ለዘመድ ጥየቃ እስራኤል በሄድኩበት ወቅት ኪርያት ጋት ውስጥ አንድ ቤተሰብ ዘንድ አርፌ ነበር። አንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ሁለተኛው ቡና ሊቀዳ ሲል፣ በር ተንኳኳ። የገባችው ዕድሜዋ ከአሥራ ሰባት የማይበልጥ ልጅ ናት፤ ካኪ ሸሚዝ ለብሳለች፣ አንገቷ ላይ የስካውት ስካርፍ አስራለች። የቤቱን ትንሽ ልጅ ወደ ቡድኑ ስብሰባ ልትወስደው ነው የመጣችው። እናትየው ግን ልጁን ከማስወጣቷ በፊት "እስቲ ቁጭ በይ ልጄ" አለቻት። ስኒ ተሰጣት፤ ጥያቄውም ወዲያው ተከተለ። "የማን ልጅ ነሽ? አባትሽ ከወዴት ናቸው? የአምቦበር ናችሁ የስሜን?" ልጅቷ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዕብራይስጥ እየመለሰች፣ ሲቸግራት እናቷ ጋ ደውላ እየጠየቀች፣ በመጨረሻ አያቷ ስም ላይ ደረሰች። "የእሳቸው የልጅ ልጅ ነሽ? አይ ጊዜ!" አለች እናትየው። "በይ ውሰጂው። ራቱ ሳይቀዘቅዝ ግን መልሺልኝ።"

በዚያ ከተማ ለወጣቶች ተብሎ የተዘረጋ ፕሮግራም አይጠፋም። ማዘጋጃ ቤቱ አለ፣ ሁሉም ሰው መትናስ እያለ የሚጠራው የማኅበረሰብ ማዕከል አለ፣ ትምህርት ቤቱ አለ፣ በጎ አድራጊው አለ። ያ ቤት ግን በሩን የከፈተው በአያት ስም ነው። ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ። በኋላም በአሽኬሎን፣ በኪርያት ማላኪና በቤርሸባ ከወጣት መሪዎች፣ ከወላጆችና በልጅነታቸው ተመሪ ከነበሩ ጎልማሶች ጋር ባወራሁ ቁጥር ወደ አንድ ጥያቄ ተመለስኩ። የቤተ እስራኤልን (የኢትዮጵያ አይሁዳውያንን) ልጅ ልምራ ብሎ የተነሣው ሁሉ፣ ከመቶ ዓመት በላይ፣ ሥራውን ለምን ልጁን ከቤቱ በማውጣት ጀመረ?

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቄስ ለመሆን የታጨ ልጅ ከመነኮሳት እግር ሥር ተቀምጦ ግዕዙንና ጸሎቱን ይማር ነበር። የማኅበረሰቡ ትውፊት ይህን ሥርዓት እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሴ እስከ አባ ሳብራ ድረስ ይመዝዘዋል፤ ሆሃርዋ የተባለው ቦታም የዚያ ትምህርት ማዕከል ሆኖ ይታወሳል። ልጁ ከእናቱ ቢርቅም ከወገኑ አይርቅም፤ አስተማሪውም የዘር ሐረጉን ያውቃል።

ለውጡ የመጣው ከዣክ ፋይትሎቪች ጋር ነው። ፖላንድ ተወልደው ፓሪስ የተማሩት እኒህ ምሁር በ1904 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወደ አገራችን መጥተው ሲመለሱ ሁለት ወጣቶች ይዘው ሄዱ። አንደኛው ታምራት አማኑኤል ነበሩ። ያኔ አሥመራ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር፤ ከዚያ ፓሪስ ገቡ፣ ቀጥሎም ፍሎረንስ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት የመሩት እሳቸው ናቸው። ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ እሳቸውም ተሰደዱ። በዚያው መንገድ የሄዱት ዮና ቦጋለ በኢየሩሳሌም፣ በፍራንክፈርትና በስዊዘርላንድ ተምረው ተመልሰው በጎንደር ዙሪያ የትምህርት ቤቶች ሥራ ዋና ሰው ሆኑ። ዕቅዱ ቀና ነበር፤ ጥቂት ልጆችን ውጭ አስተምሮ ለወገናቸው መምህር አድርጎ መመለስ። ከተወሰዱት አንዳንዶቹ ግን በሰው አገር በበሽታ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም መቃብራቸውን አላዩም።

በ1955 የአይሁድ ኤጀንሲ አሥመራ ላይ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። በዚያው ዓመትና በ1956 በሁለት ዙር 27 ልጆች ወደ እስራኤል፣ ራዓናና አጠገብ ወዳለው ክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር ተላኩ። የእነሱም ዕጣ ተምሮ መመለስ ነበር፤ ብዙዎቹም ተመልሰው አስተማሩ። እስራኤል ማኅበረሰቡን አይሁድ ሁሉ እንዲገቡ በሚፈቅደው የመመለስ ሕግ የተቀበለችው ግን በ1975 ነው፤ ዋና ረቢው ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው የሚለውን ብያኔያቸውን ከሰጡ ከሁለት ዓመት በኋላ።

የወጣቶች መንደር የሚባለው ነገር ራሱ ታሪክ አለው። በይበልጥ ያስፋፋው የወጣቶች ዓሊያ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ሬኻ ፍራየር የተባሉ ሴት በርሊን ላይ የመሠረቱት ጥር 30 ቀን 1933 ነው፤ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በዚያው ቀን። ኢየሩሳሌም ሆነው ሥራውን የመሩት ሄንሪየታ ሶልድ ነበሩ። ልጆቹ ከጀርመን የወጡት ወላጅ መከተል ስላልቻለ ነው፤ የተቀበላቸው መንደርም ቤትም ትምህርት ቤትም ወላጅም ሆናቸው። ለዚያ ዘመን ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ከእነዚህ መንደሮች አንዱ የእኛን አንባቢ ሳያስገርም አይቀርም። በካርሜል ተራራ ላይ ያለው የሚን ኦርድ በ1953 ሲቋቋም የተሰየመው በኦርድ ዊንጌት ነው፤ በ1941 የጌዴዎንን ጦር እየመራ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በጎጃም በኩል በገባው መኮንን፣ አዲስ አበባ ላይ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በስሙ በቆመለት ሰው። ንጉሡን አጅቦ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ሰው ስም፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ከኢትዮጵያ የወጡ ልጆች መጠለያ በር ላይ ተጽፎ ጠበቃቸው። ለብዙ ዓመታት መንደሩን የመሩት ሐይም ፔሪ ልጅ የመጣበትን ባህል ይዞ እንዲያድግ የሚያበረታታ አሠራር በመዘርጋት ስማቸው ተጠርቷል። በታኅሣሥ 2010 የካርሜል እሳት መንደሩን ክፉኛ ጎድቶት ነበር፤ ተመልሶ ተሠራ።

እነዚያ ልጆች የመጡት እንዴት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሙሴ ዘመቻ ወደ 8 ሺህ ሰው በሱዳን በኩል ወጣ፤ በመንገድና በመጠለያ ካምፕ ያለቀው ወደ 4 ሺህ ይጠጋል። ብዙ ልጆች ያለ ወላጅ ደረሱ። ወላጆቻቸው የመጡት ከዓመታት በኋላ፣ አንዳንዶቹም በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲጓጓዝ ነው። እስከዚያ ልጆቹ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ በእነሱ አነጋገር በፕኒሚያ፣ አደጉ። ግር የሚለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወላጅ ከመጣ በኋላም በ1990ዎቹ ከማኅበረሰቡ ታዳጊዎች እጅግ የሚበዙት ወደ ፕኒሚያ መላካቸው ቀጠለ።

በዚህ መንገድ ያለፈ አንድ ሰው አግኝቼ ነበር። ዛሬ ሃምሳውን ያለፈ፣ በአንድ የደቡብ ከተማ ሰፈር ለረጅም ጊዜ የወጣቶች መሪ የሆነ ሰው ነው። ስሙ እንዳይጠቀስ ጠይቆኛል። "በፕኒሚያ ክፉ አልሆኑብኝም" አለኝ። "በላሁ፣ ለበስኩ፣ ተማርኩ። መድሪኩ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ ደግ ሰው ነበር፤ ማታ ማታ ጊታር ይመታልን ነበር። ስሜን ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀየሩት። አባቴ በ1991 ሲመጣ ልቀበለው ሄድኩ። ከሕዝቡ መሃል በቤት ስሜ ጠራኝ። ዞር አላልኩም። ሦስት ጊዜ ከጠራኝ በኋላ ነው እኔን መሆኑ የገባኝ።"

ስለ አባቱ ሲያወራ ድምፁ ይቀየራል። "አባቴ በአገሩ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነበር። እዚህ የውኃ ክፍያ ወረቀት ሲመጣለት ወደ እኔ ይዘረጋዋል። የባንኩን ደብዳቤ የማነብ እኔ፣ ሐኪም ቤት የምናገር እኔ፣ ከትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ለታናሽ እህቴ የምቀርብ እኔ። አባወራው እኔ ሆንኩ። ማን ነው እንግዲህ እኔን የሚመራኝ?"

የእስራኤል የወጣት ንቅናቄዎች አሠራር ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ አለው። ስካውቱ ከ1919 ጀምሮ፣ ሃይማኖተኞቹ የሚያዘወትሩት ብኔ ዓኪቫ ከ1929 ጀምሮ የሚሠሩት ታላቁ ልጅ ታናሹን እንዲመራ በማድረግ ነው። የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሥልጠና ወስዶ የአሥር ዓመት ልጆችን ይረከባል፤ ጉዞውን ያቅዳል፣ ጨዋታውን ያዘጋጃል፣ የቀረውን ልጅ ቤቱ ሄዶ ይጠይቃል። ወላጅ ዳር ነው የሚቆመው። ይህ አሠራር በንቅናቄው ውስጥ ላደገ ወላጅ የተለመደ ነው። ከጎንደር ገጠር ለመጣ አባት ግን ልጁን ለማያውቀው ጎረምሳ ሰጥቶ ጫካ ማሳደር የማይታሰብ ነገር ነበር። የአባልነትና የካምፕ ክፍያው ሲታከልበት የማኅበረሰቡ ልጆች ለረጅም ጊዜ ዳር ቀሩ።

ለውጡ ያቆጠቆጠው ከሰፈር ነው። በፕኒሚያ ያለፉት ልጆች ጦር ሠራዊት ጨርሰው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ከፊሎቹ ወደ ሰፈር ተመልሰው መኖር ጀመሩ። በገዴራ የሻፒራ ሰፈር በ2000ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረው ሐቬሪም ባቴቫ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፤ የተማሩ ወጣት ቤተ እስራኤላውያን ቤታቸውን እዚያው አድርገው ጎረቤቶቻቸውን ልጆች ይመራሉ። ፊደል የተባለው ማኅበር በትምህርት ቤትና በወላጅ መካከል የሚቆሙ አገናኞችን ያሠለጥናል። በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ፕሮጀክት ደግሞ መንግሥትን፣ የአይሁድ ኤጀንሲን፣ የአሜሪካ አይሁድ ማኅበራትንና የማኅበረሰቡን ድርጅቶች በአንድ ገበታ አስቀምጦ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ጥናትና የወጣት ማዕከል በብዙ ከተሞች ዘርግቷል።

በከተሞቹ መካከል ያለው ግንኙነት በራሱ አንድ ሀብት ነው። የአሽኬሎኑ ልጅ የቤርሸባውን በካምፕ ያውቀዋል፤ በስግድ በዓል ዕለት ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ይገናኛሉ። ስግድ በ2008 በፓርላማ ብሔራዊ በዓል ከተባለ ወዲህ ቄሶቹ ጃንጥላ ሥር ሲጸልዩ ከኋላ የቆሙትን ታዳጊዎች ወገን በወገን የሚያሰልፉት እነዚሁ ወጣት መሪዎች ናቸው። ከጥቅምት 2023 የሐማስ ጥቃት በኋላ የስዴሮት ነዋሪ ወደ ሆቴሎች ሲበተን፣ ተበትነው የሄዱትን ልጆች በስልክ እየፈለጉ ያሰባሰቡ መሪዎች እንደነበሩ ሰምቻለሁ።

የዚህ መረብ ዋጋ ይበልጥ የታየው በቁጣ ቀን ነው። በ2015 ሖሎን ላይ ወታደራዊ ልብስ የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ተቀርጾ አደባባይ ወጣ። ይህ የቀሰቀሰውን ሰልፍ ተከትሎ የተቋቋመው፣ በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በ2016 ባወጣው ሪፖርት ተቋማዊ ዘረኝነት መኖሩን በግልጽ አስፍሯል። ሰኔ 30 ቀን 2019 ደግሞ ኪርያት ሐይም ውስጥ ሰለሞን ተካ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ። በዚያ ሳምንት መንገድ የዘጉት አብዛኞቹ ታዳጊዎች ነበሩ። "አልተኛንም" ይላል ያ የሰፈር መሪ። "ጎማ ሲቃጠል መሃሉ ገብተን ልጆቻችንን በስም እየጠራን አወጣን። 'አያትህ ቤት ሆነው እያለቀሱ ነው' ስለው ድንጋዩን ጥሎ የተከተለኝ አለ። ፖሊስ በድምፅ ማጉያ ቢጮህ የሚሰማው ይመስልሃል?" ሌላም አከለ፤ "ልጅ ሲያጠፋብኝ መጀመሪያ አያቱ ጋ ነው የምሄደው። ሦስታችን ዳቦ ቆርሰን እናወራለን። ወጣቱ ሽማግሌውን ያከብራል፣ ሽማግሌው እኔን ያምናል፣ እኔ የትምህርት ቤቱን በር አውቀዋለሁ። ከሦስታችን አንዱ ከጎደለ አይሆንም።"

ይህ ሁሉ የቆመው በዓመት ኮንትራት ላይ ነው። በጀቱ ከሚኒስቴር፣ ከማዘጋጃ ቤትና ከውጭ ለጋሽ እየተዋጣ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካልታደሰ መሪው ይሄዳል። የአንድ ደቡብ ከተማ የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊን ስንቱ መሪ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል ብዬ ጠየቅሁ። "በጽሑፍ ያቅርቡልኝ" አሉ። በጽሑፍ አቀረብኩ። ከቃል አቀባያቸው የደረሰኝ በካምፕ ላይ የሚስቁ ልጆች ፎቶ ያለበት በራሪ ወረቀት ነው። ደግሜ ጻፍኩ፤ መልስ የለም።

የሚከተለውን ለመገመት የእሳቸው መልስ አያስፈልግም። አንድ ታዳጊ አንድን መሪ ለማመን ክረምትና በጋ ይፈጅበታል። መሪው በዓመቱ ሲሄድ ቀጣዩን ለማመን ይቸገራል፤ ሦስተኛው ሲመጣ በሩን አይከፍትም።

ጉዳዩ እስራኤል ላይ አያበቃም። በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓሊያን፣ ማለትም ወደ እስራኤል መሄድን፣ የሚጠባበቁ ቤተሰቦች ልጆችም በማኅበረሰቡ ግቢ ዕብራይስጥና ጸሎት እየተማሩ፣ ታላቁ ታናሹን እየያዘ ያድጋሉ። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ውጊያው ሲከር ከ200 በላይ ሰዎች ከጎንደርና ከባሕር ዳር እንዲወጡ ተደርጓል። ከእነዚህ ከተሞች የሚሄድ ታዳጊ ነገ አሽኬሎን ሲደርስ የሚቀበለው ሰው፣ የመጣበትን የሚያውቅ መሆን አለበት።

ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ተወላጅ አለ፤ ግማሹ ገደማ እዚያው የተወለደ ነው። ልጆቹን የሚመራ ሰው ከሩቅ ማምጣት የሚያስፈልግበት ዘመን አልፏል፤ መሪዎቹ ሰፈር ውስጥ አሉ። የከተማ አስተዳደሮቹ የእነዚህን ወጣቶች ሥራ ከዓመት ኮንትራት አውጥተው ቋሚ የሥራ መደብ ያድርጉት። ወላጆችም የካኪ ሸሚዝ ለባሿን የማን ልጅ እንደሆነች ከጠየቁ በኋላ አንድ ማታ ከልጃቸው ጋር እስከ ስብሰባው ድረስ ይሂዱ፤ የሚሠራውን ዓይተው ይፍረዱ።