ቶሮንቶ፤ ሁለት ማሊያ የሚለበስባት ከተማ

ማርች 27 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) በቶሮንቶው ቢኤምኦ ፊልድ ስታዲየም ብርዱ አጥንት ይሰብራል። 29 ሺህ ያህሉ ተመልካች ግን ብርዱ የተሰማው አይመስልም። ካናዳ ጃማይካን ካሸነፈች ከ36 ዓመት በኋላ ወደ ዓለም ዋንጫ ትመለሳለች። በ13ኛው ደቂቃ ሳይል ላሪን አገባ። ከዕረፍት በፊት ታጆን ቡካናን ደገመ። ጁኒየር ሆይሌት ሦስተኛውን ሲያክል ነገሩ አለቀለት፤ አራተኛውን ጃማይካዎቹ በራሳቸው ላይ አስቆጠሩ። 4ለ0።

ጉዱ ወዲህ ነው። ሦስቱም ጎል አግቢዎች የቶሮንቶ ጎረቤት የሆነችው የብራምፕተን ልጆች ናቸው፤ የሦስቱም የዘር ሐረግ ደግሞ ከጃማይካ ይመዘዛል። ያሸነፉት የዘመዶቻቸውን አገር ነው።

ቶሮንቶን ለሚያውቅ ይህ ብርቅ አይደለም። እንግሊዞች በ1793 ሲቆረቁሯት ዮርክ ትባል ነበር፤ የአሁኑን ስሟን ያገኘችው በ1834 ነው። በ1847 አየርላንድ በረሃብ ስትመታ፣ 20 ሺህ ሕዝብ ብቻ ወደነበራት ከተማ 38 ሺህ ያህል ስደተኛ በመርከብ ገባ። ከሺህ የሚበልጠውን እዚያው ተስቦ ጨረሰው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያኖቹ መጡ፤ ድንጋዩንም ሲሚንቶውንም የተሸከሙት እነሱ ናቸው። በ1960 ሆግስ ሆሎው በተባለ ቦታ የውሃ መስመር ሲዘረጉ እሳት ተነሥቶ አምስቱ ከመሬት በታች ሞተዋል። በ1967 አገሪቱ ስደተኛን በትምህርትና በሙያ ነጥብ መቀበል ስትጀምር ደግሞ ካሪቢያኑም፣ እስያዊውም፣ አፍሪካዊውም ጎረፈ። በ2021 ቆጠራ ከነዋሪዋ ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀረው ስደተኛ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ኳሱንም ከየአገሩ ይዞ ነው የመጣው። ጣሊያን በ1982 ምዕራብ ጀርመንን 3ለ1 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ስታነሳ ሴንት ክሌር ጎዳና ላይ 300 ሺህ ያህል ሕዝብ እንደወጣ ተዘግቧል። ግሪክ በ2004 የአውሮፓ ሻምፒዮን ስትሆን ተራው የዳንፎርዝ ሰፈር ነበር። በነገራችን ላይ፣ እዚያው ዳንፎርዝ ላይ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ለሄደ እንጀራ የሚቀርብባቸው የሀበሻ ምግብ ቤቶች ይቀበሉታል።

የከተማዋ ችግር ይህ ደስታ ሁሉ ለሌላ አገር መሆኑ ነበር። ልጆቿም ይሄዱባታል። የደ ጉዝማን ወንድማማቾችን ማየት ይበቃል። ታላቁ ጁሊያን ለካናዳ ተሰልፎ በ2007 የጎልድ ካፕ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ታናሹ ጆናታን ግን በልጅነቱ ወደ ፌይኖርድ አቀና፤ በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ የታየውም በሆላንድ ማሊያ ነው። የአንድ እናት ልጆች!

ቶሮንቶ ኤፍሲ በ2007 የአሜሪካውን ሊግ ሲቀላቀል ግን የግሪኩም የጣሊያኑም ልጅ አብሮ የሚጮህለት ቡድን አገኘ። በ2015 ሰባስቲያን ጆቪንኮ ከጁቬንቱስ ሲመጣ የሴንት ክሌር አባቶች ሳይቀሩ ልባቸው ሸፈተ። ክለቡ በ2017 ሲያትልን በሜዳው 2ለ0 ረትቶ ዋንጫውን አነሳ። ከካናዳ ክለቦች ይህን ያደረገ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ፊፋ በ2022 የ2026ቱን የዓለም ዋንጫ 16 አዘጋጅ ከተሞች ሲመርጥ ቶሮንቶ አንዷ ሆነች፤ ስድስት ጨዋታም ደረሳት። ቢኤምኦ ፊልድ ስለማይበቃ ከ17 ሺህ በላይ ጊዜያዊ ወንበር እንዲጨመርበት ተወሰነ።