ወደ ጓሳ በመኪና፦ ተረቱና እውነታው

አዲስ አበባ ላይ ረጅም የመኪና ጉዞ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠራው ባሌ ነው፤ ቀጥሎ ሰሜን ተራሮች፣ ነጭ ሣር፣ አዋሽ። መንዝ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም «እሱማ እዚሁ ነው፣ ቅዳሜ ሄደን እሑድ እንገባለን» ተብሎ። መንዝ ውስጥ ያለው ጓሳ ከአዲስ አበባ ወደ 265 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ደብረ ብርሃን በ130 ላይ ስላለች ግማሹ መንገድ በጠዋት ያልቃል። ሰዓቱን የሚበላው ቀሪው ግማሽ ነው፤ በመንዝና በጎረቤቷ በመርሐቤቴ ጉዞ ላይ የሚወራው አብዛኛው ስሕተትም የሚመጣው ቦታውን በኪሎ ሜትር ብቻ ከመለካት ነው። ገደሉ፣ ውርጩና የመሬቱ ባለቤት ሒሳብ ውስጥ አይገቡም።

ከሁሉም በፊት ግን የጸጥታው ጉዳይ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የቆየው ግጭት ሰሜን ሸዋንም አዳርሷል፤ ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ይዘጋል። «ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ሄዶ መጥቷል» የሚለው ወሬ ለዚህ ሳምንት አይሠራም። በምትነሡበት ዋዜማና ማለዳ ደብረ ብርሃንና የመንዟ መሐል ሜዳ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ ካመነታ አትነሡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ መንገዱ ሰላም ለሆነበት ጊዜ ነው።

«ጓሳ ብሔራዊ ፓርክ ነው»

አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ የሚያስበው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበት ቦታ ሁሉ ፓርክ ስለሚመስለው ነው። ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው፤ የሚያስተዳድሩት በዙሪያው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም፤ በፓርክ ውስጥ እንግዳውን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ነው፣ በጓሳ ግን ባለአገሩ ነው።

ቦታውን ለዚህ ያበቃው ቄሮ የሚባለው የአገሬው ሥርዓት ነው፤ ባለፉት ዓመታት በፖለቲካ ከሰማነው ስም ጋር ግንኙነት የለውም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። መሬቱ የአስቦና የጌራ ርስት ነበር፤ ዘሩን ከእነዚህ ሁለት አባቶች የሚቆጥር የመጠቀም መብት ነበረው፣ የማይቆጥር አልነበረውም። ጠባቂ ሆኖ የሚመረጠው ሰው አባ ቄራ ይባል ነበር። እሱ ጓሳው ይዘጋ ካለ ይዘጋ ነበር፤ አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማጭድ አይገባበትም፣ ከብት አይረግጠውም ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ከጎኑ ትቆም ስለነበር ክልከላውን መጣስ ዳኛን ብቻ ሳይሆን ነፍስንም የሚያስፈራ ነገር ነበር። ሣሩ ደርሶ ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ ገሳ የሚሆነውን ባለመብቱ ሁሉ ያጭድ ነበር። ድርቅ በመጣ ጊዜ ደግሞ ከብቱን የሚያተርፈው ይኸው የተዘጋው ሣር ነበር። እንዲህ ያለውን አሠራር «ባህላዊ» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን ብዙ የቢሮ ዕቅድ ከዚህ ያነሰ የታሰበበት ይመስለኛል።

ሥርዓቱን የሰበረው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ርስት ሲሻር የቄሮ መሠረቱ አብሮ ተነቀለ፤ ጓሳውም ለሁሉም የተከፈተ መሬት ሆነ፣ ተጎዳም። በኋላ አካባቢው ተሰባስቦ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መለሰው፣ የአማራ ክልልም ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠው። ስለዚህ ጓሳ ስትደርሱ የምትከፍሉት የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ የማኅበረሰቡ ነው። «መኪናችን ውስጥ ሆነን እናያለን፣ አስጎብኚ ምን ያደርግልናል» የሚል መንገደኛ አለ፤ ያ ሰው ግቢ ውስጥ ሳያንኳኳ እንደገባ ይቆጠራል።

«ቀይ ቀበሮ በግ ጨራሽ ነው፤ ለማየትም ሌሊት መውጣት ያስፈልጋል»

ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ የሁለቱም መልስ ደግሞ አይጥ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥና በሌሎች ትናንሽ ቆርጣሚዎች ነው። አልፎ አልፎ ግልገል አይነካም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በአካባቢው ጅብም ተራ ቀበሮም አለ፣ ሌሎቹ የሠሩት ጥፋት ወደ ቀዩ ይላካል። የደጋ አይጦች ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ሞቅ ሲል ከጉድጓዳቸው ስለሚወጡ ቀበሮውም በቀን ያድናል። ባትሪ ይዞ ሌሊት መንከራተት ብርድ ከማትረፍ በቀር ጥቅም የለውም። ጠዋት ውርጩ ከሟሟ በኋላና ማምሻውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ውጡ፤ ከሩቅ ለማየትም አጉሊ መነጽር ያዙ።

የጭላዳ መንጋ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። በጓሳ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ጭላዳን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮው በሣር ጋጮቹ መሀል እየተዘዋወረ አይጥ ሲይዝ ደጋግመው አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ቀበሮው በጭላዳ መሀል ሲያድን ከሦስት ሙከራ በሁለቱ ያህል ይሳካለታል፤ 67 በመቶ። ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 በመቶው ነው። ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ አልታወቀም፤ ምናልባት የመንጋው ኮቴ አይጦቹን ያስወጣቸዋል፣ ምናልባትም ቀበሮው በመሀላቸው ሲሆን አይጦቹ አይለዩትም። የሚገርመው ግን ጭላዶቹ አይሸሹትም፤ እሱም ልጆቻቸውን አይነካም። ውሻ ሲመጣ ግን ወደ ገደሉ ይሮጣሉ።

ውሻ ካነሣን አይቀር፦ የቤታችሁን ውሻ ወደ ጓሳ ይዛችሁ አትሂዱ። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ አብዛኞቹም ባሌ ናቸው። የሚፈጃቸው ጥይት ሳይሆን ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ ይህ በሽታ በገባ ቁጥር መንጋ ሙሉ አልቋል። የጓሳው ቁጥር በጣም ትንሽ ስለሆነ አንድ የታመመ ውሻ ይበቃል።

ጭላዳን ደግሞ ሰው «ዝንጀሮ» ይለዋል፤ አይደለም። የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እሱ ግን በዋናነት ሣር የሚግጥ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ዳቦና ሙዝ አትወርውሩለት። የሰው ምግብ የለመደ መንጋ በማግስቱ የገበሬውን ገብስ ይጎበኛል፤ የሚጎዳውም እናንተ ሳትሆኑ ገበሬው ነው።

«መንዝና መርሐቤቴ ጎረቤት ናቸው፤ በአንድ ዙር እናዳርሳቸዋለን»

ካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው። መሬት ላይ ግን በመሀላቸው የጀማና የወንጭት ሸለቆ አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ»ን ያሳተመው አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን መንዝን ሲገልጽ ድንበሩን በወንዝ ነው የሚቆጥረው፦ በደቡብ ሞፈር ውኃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጭት፣ በሰሜን ቀጨኔ፣ በምሥራቅ ደግሞ የተራራ ሰንሰለት። አራቱም ወገን ወይ ገደል ነው ወይ ተራራ። ይህ ለመንገደኛ እንቅፋት የሆነው አቀማመጥ ለአገሬው ለዘመናት ምሽግ ነበር፤ የሸዋ ነገሥታት ሐረግ መነሻ የሆነው ነጋሲ ክርስቶስም ከዚሁ ከመንዝ ነው የተነሣው።

መርሐቤቴ በሌላ በር ነው የሚገባው። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ እስከ ሙከ ጡሪ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ በለሚ በኩል ጀማን ተሻግሮ ዓለም ከተማ። የጀማ ቁልቁለት ብቻውን ጉዞ ነው። ጠዋት ጃኬት ለብሶ ለሚ የነበረ ሰው ድልድዩ ላይ ሲደርስ በላብ ይጠመቃል፤ እንደገና ወጥቶ ዓለም ከተማ ሲገባ ጃኬቱን ይፈልጋል። ወፍ የሚወዱ ሰዎች ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ይዘገያሉ፤ በዓለም ላይ በዓባይና በጀማ ሸለቆዎች አካባቢ ብቻ የምትገኝ አንዲት ቆቅ አለች፣ እሷን ፍለጋ ከሩቅ አገር የሚመጡ አሉ። ዓለም ከተማ ውስጥ በካርል ሄይንዝ በም «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት የተሠራው እናት ሆስፒታል አለ፤ በእንዲህ ያለ ገጠር ለሚነዳ ሰው ሆስፒታሉ የት እንደሆነ ማወቅ ነዳጅ የት እንደሚገኝ ከማወቅ አያንስም።

በሁለቱ መሀል ምንም መንገድ የለም አላልኩም። ነገር ግን ከመሐል ሜዳ ዓለም ከተማ «አቋርጠን» እንገባለን ብሎ ያቀደ ሰው የአገሬውን ሹፌር ሳይጠይቅ አይነሣ። ቀን ያነሰው ሰው አንዱን ይምረጥ፤ ሁለቱንም የፈለገ ሁለት ጉዞ አድርጎ ያቅድ።

እግረ መንገዴን፦ ግሼ ሲባል ግሸን ማርያም የሚመስለው ሰው አጋጥሞኛል። ግሸን ማርያም ወሎ፣ አምባሰል ነው። ግሼ ከመንዝ በስተሰሜን ያለው የሰሜን ሸዋ ወረዳ ነው፤ ከተማው ራቤል ይባላል። የስልክ ካርታ ላይ የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ጽፎ መጀመሪያ የመጣውን የሚጫን ሰው ሌላ አገር ሊገባ ይችላል።

«የሚበርደው ክረምት ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ፀሐይ ነው»

ፀሐዩ እውነት ነው። ችግሩ ሌሊቱ ነው። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። በክረምት ደመናው ሌሊት መሬቱን ስለሚሸፍነው ቅዝቃዜው ይጠነክር እንጂ ብዙውን ጊዜ ወደ ዜሮ አይወርድም። በበጋ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሙቀቱ ከዜሮ በታች እስከ 7 ዲግሪ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ጠዋት የጅብራው ቅጠል ላይ ነጭ ውርጭ ታያላችሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቲሸርት ያስለብሳል። «አዲስ አበባም ይበርዳል እኮ» የሚል ሰው በቀጭን ብርድ ልብስ መጥቶ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ያሳልፋል፤ ይህ ደግሞ በጭስ የመታፈን አደጋ አለው። መንዞች በበግ ጠጉር ባናና በርኖስ መሥራት የለመዱት ለጌጥ አይደለም። ከገበያ ባና ግዙ፤ ከብዙ የውጭ ጃኬት ይሻላል።

ዝናብን በተመለከተ መንዝ ክረምት ብቻ ሳይሆን በልግም አለው። በየካቲትና በግንቦት መካከል የሚጥለው ዝናብ ያልተነጠፈውን መንገድ ጭቃ ያደርገዋል። «በበጋ ነው የምንሄደው» ማለት ብቻ አይበቃም።

«ፎር ባይ ፎር ካለ ሌላው ቀላል ነው»

ፎር ባይ ፎር ከጭቃ ያወጣል፤ ፍሬን ግን አይሆንም። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረው ዋሻ ያለው እዚህ ነው። የመሐል ሜዳው መንገድ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት ሳይወርድ ተራራው ላይ ይገነጠላል፤ በመዘዞ በኩል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የፊቱ መኪና መብራት እንኳ አይታይም፤ መንገዱ ደግሞ የደሴና የመቀሌ የጭነት መኪናዎች የሚርመሰመሱበት ነው። ደብረ ሲናን ለማየት የሚወርድ ሰው ከላይ ሳለ ማርሹን ዝቅ ያድርግ። ፍሬን ይዞ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፣ የጋለ ፍሬን አይዝም።

ከፍታው ሞተሩንም ይነካል። 3,400 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። አሮጌ ካርቡራቶር ያለው መኪና ጥቁር ጭስ ሊያወጣና ዳገት ላይ ሊሰንፍ ይችላል፤ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ቱርቦ ያለው የተሻለ ይጎትታል። ስኮርታውና ክሪኩ መኖራቸውን ብቻ ሳይሆን ስኮርታው ነፋስ እንዳለው ከቤት ሳትወጡ እዩ። ነዳጁን ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ፣ ጥሬ ብርም እዚያው ያዙ።

ሰውም እንደ ሞተሩ ነው። «ሐበሻን ከፍታ አይነካውም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለለመደ ብዙ ጊዜ ከቀላል ራስ ምታት አያልፍም። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ መጥቶ በማግስቱ ጓሳ የሚያድር ዘመድ ግን ዘሩ ሐበሻ ስለሆነ ብቻ አይድንም። እሱን መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር አሳድሩት። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ማስመለስ ወይም መንገዳገድ ከመጣ መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት ወደ ታች መውረድ ነው፤ «ይለምደዋል» እያሉ ማስተኛት አይደለም።

በጓሳ ያለው የማኅበረሰብ ማረፊያ ቀላል ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አረጋግጡ፣ ምግባችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። «እንጨት ለቅመን እንቀቅላለን» ብሎ ያሰበ ግን ሐሳቡን ይተው። ቁጥቋጦ መስሎ የሚታየው አስታ ባለቤት አለው፤ መቁረጥም የሚፈቀደው በደንቡ ነው። ቡታ ጋዝ ወይም የላምባ ምድጃ ያዙ፤ ጋዙንም ቤት ከለመዳችሁት አብዝታችሁ ያዙ፤ በዚያ ከፍታ ውኃ ወደ 89 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ድስቱ ቢንተከተክም ምስሩ ቶሎ አይበስልም። በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ያለው ሰው ይህን ሁሉ አይጠብቅም።