ላብራቶሪው የሚለካው ፕሮቲን አይደለም

ይህን ስብሰባ ላይ አልናገረውም፤ በእናንተና በእኔ መካከል ይቅር። የወተት ዱቄት ጣሳ ወይም የዶሮ መኖ ከረጢት ላይ «ፕሮቲን ይህን ያህል ከመቶ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ አይደል? ያንን ቁጥር ስናወጣ አብዛኛውን ጊዜ የምንለካው ናይትሮጅን ነው። የቀረው የካልኩሌተር ሥራ ነው።

ዘዴው የዮሃን ኬልዳል ነው። ኮፐንሀገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ላብራቶሪ ሲሠራ የእህል ፕሮቲን ማወቅ ቸግሮት እ.ኤ.አ. በ1883 ይፋ አደረገው፤ እኛም እስከ ዛሬ እሱኑ ነው የምንሠራው። አንድ ግራም ገደማ ናሙና፣ ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ፖታሲየም ሰልፌት፣ ቆንጠር ያለ ኮፐር ሰልፌት፤ ከዚያ ወደ 420 ዲግሪ መጣድ። መጀመሪያ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፤ አረፋው እስከ ቱቦው አንገት ይወጣል (አዲስ ሠራተኛ ሁሉ እዚህ ጋ ይደነግጣል)። ቆይቶ ጥቁረቱ ይጠፋና ጥርት ያለ አረንጓዴ ይሆናል። አሚኖ አሲዶቹ ያኔ ብትንትናቸው ወጥቷል፤ ካርቦኑ በጭስ ሄዷል፤ ናይትሮጅኑ አሞኒየም ሰልፌት ሆኖ ቀርቷል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመርበት አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ቦሪክ አሲድ ውስጥ እንይዘዋለን። ጠቋሚ ቀለሙ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይዞራል፤ መልሶ እስኪቀላ ድረስ አሲድ ጠብ እያደረግን መጠኑን እንመዘግባለን።

ቀጥሎ ማባዛት ነው። ፕሮቲን ከክብደቱ 16 ከመቶው ናይትሮጅን ነው ስለሚባል ውጤቱ በ6.25 ይባዛል፤ ለወተት በ6.38፣ ለስንዴ በ5.7። ስንዴን በ6.25 ያባዛ ሰው አንዲት ጠብታ ሳያጭበረብር ፕሮቲኑን ወደ 10 ከመቶ ያሳብጠዋል።

የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። አሲዱ ናይትሮጅኑ ከየት እንደመጣ አይለይም። ገበሬው የሚያውቀው ዩሪያ 46 ከመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በ6.25 ሲባዛ 287 ከመቶ «ፕሮቲን» ይወጣዋል! ላም ላይ ይህ ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ዩሪያውን ወደ አሞኒያ፣ አሞኒያውን ወደ ራሳቸው ፕሮቲን ይለውጡታል፤ እሷም መልሳ እነሱን ትፈጫለች። ከልክ ካለፈ ግን ይመርዛታል። ዶሮ ይህ ጨጓራ የላትም። ፋጉሎ ውስጥ ዩሪያ ቢደባለቅ የምርመራ ወረቀቱ ያምራል፤ ዶሮዋ ግን ትቀጭጫለች።

ሜላሚን ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። ቻይና ውስጥ ውሃ የተቀላቀለበት ወተት ፕሮቲኑ የሞላ እንዲመስል ሜላሚን ይጨመርበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ጉዳዩ ሲፈነዳ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ታመው፣ 6 ሞተው ነበር። ሜላሚኑ ኩላሊታቸው ውስጥ ከዩሪክ አሲድ ጋር ጠጠር ሠርቶ ነው። ወተቱ በናይትሮጅን ምርመራ በኩል ሲያልፍ ማሽኑም ሆነ ባለሙያው አልተሳሳቱም፤ የተጠየቁትን ለክተዋል።

መላው እኮ አለ። ናሙናው በትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ሲታከም እውነተኛው ፕሮቲን ረግቶ ይዘቅጣል፤ ዩሪያውና ሜላሚኑ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ። የረጋውን ብቻ ወስዶ በኬልዳል መለካት ነው። ሥራው ትንሽ ይረዝማል እንጂ ከባድ አይደለም። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አይሠራም? የምርመራውን ሂሳብ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሻጩ ነዋ፤ እሱ ደግሞ የጠየቀው ጠቅላላውን ቁጥር ነው። መኖ በጅምላ የምትገዙ ከሆነ ናሙናውን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱና ሁለቱንም አስለኩ፤ ጠቅላላውንም፣ የረጋውንም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ከረጢቱን አትረከቡ።