በሰው ሜዳ የገባች ጎል

ባለፈው ዓርብ በካምፓችን የሰፈር ቡድኖች የዋንጫ ፍጻሜ ሲካሄድ፣ የተሸነፉት ልጆች ማሊያቸውን አውልቀው አቧራው ላይ ሲወረውሩ ያላየ የለም። አንዱማ «ከዛሬ ጀምሮ ኳስ የሚባል ነገር በእግሬ አልነካም» ብሎ ሲምል ሰምተነዋል። ክፍል ስንገናኝም ፊታቸው አልተፈታም። ሒሳቡን ለጊዜው አቆየነውና እኛም አንድ ጊዜ ካርቱም ላይ እንዴት እንደተሸነፍን አጫወትናቸው። ካወራን አይቀር ለአንባቢዎቻችንም ይድረስ።

ጊዜው ጳጉሜን 2004 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ለ2013 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ብሔራዊ ቡድናችንና ሱዳን ተገናኙ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን ላይ፣ መልሱ አዲስ አበባ። ኢትዮጵያ በዚህ ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳተፈችው በ1982 እ.ኤ.አ. ሊቢያ ላይ ስለነበር፣ ከእኛ መካከል አብዛኛው ያኔ አልተወለደም። ዋልያዎቹ እኛ ወዳለንበት አገር መጡ ሲባል እንቅልፍ ከየት ይምጣ!

ቀጠሯችን ሱቅ ዐረቢ ነበር። ቦታውን ለማያውቅ፣ መሃል ካርቱም በታላቁ መስጊድ ዙሪያ ያለ ገበያ ነው። ወርቅ ቤቱ፣ ጨርቅ ሻጩ፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ በእጁ ብር ይዞ «ዶላር፣ ዶላር» የሚለው መንዛሪ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከዴምም ና፣ ከሰሃፋም ና፣ ከጅሬፍም ና፣ ሐበሻ ሐበሻን ሲፈልግ የሚገናኘው እዚያ፣ ሻይ ከምታፈላ እህታችን ዱካ ላይ ነበር።

አምስት ሆነን ሄድን። የቀን ሠራተኛ፣ ቀለም ቀቢ፣ አስተናጋጅ፣ እኛ፣ እንዲሁም የሰው ግቢ የሚጠብቁ «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አባት። ገንዘብ አዋጥተን ሦስት ቀለም ጨርቅ ገዛንና ሱዳናዊ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድነው። ሰውየው ቀዩን ከላይ አድርጎ ሊሰፋው ሲጀምር ሁላችንም በአንድ ድምፅ ጮህንበት። ስቆ ፈታውና አስተካከለው። «በአገሬ ላይ ልትጮሁበት እኔው ልስፋላችሁ!» አለና የእጁን ዋጋ ቀነሰልን።

ባንዲራውን ግን አጣጥፈን ከሸሚዝ ሥር ነበር የያዝነው። መታወቂያው ጊዜው ያለፈበት ነበረን፣ ጭራሽ የሌለውም ነበረን። አፈሳ ቢያጋጥመን «ኳስ ልናይ ነው» ማለት እንደማያዋጣ እናውቃለን። ስታዲየም ገብተን የራሳችንን ሰዎች በአንድ በኩል ተሰብስበው ስናይ ነው ደረታችንን የከፈትነው። በዚያች ሰዓት ወረቀት ያለውና የሌለው አልተለየም። ሁሉም ደጋፊ ነበር።

ጨዋታውን ምን እንበለው! ስምንት ጎል ያየንበት ነው። እኛ ስናገባ የማናውቀውን ሰው አቅፈን እንዘላለን፤ እነሱ ሲያገቡ ስታዲየሙ እላያችን ላይ የሚወድቅ ይመስላል። መጨረሻው ሱዳን አምስት፣ ኢትዮጵያ ሦስት ሆነ። ስንወጣ ሱዳናውያኑ አልሰደቡንም። ትከሻችንን መታ መታ እያደረጉ «መዓለሽ ያ ሐበሻ» ይሉን ነበር። እሱ ይብስ አናደደን። አምስት የገባበትን ቡድን ምን ብለው ያጽናኑታል?

ሱቅ ዐረቢ ተመልሰን ዱካው ላይ ስንቀመጥ የሚናገር ጠፋ። ያኔ ጋሼ የሻይ ብርጭቆዎቹን ጠጋ አደረጉና በአንድ ወገን አምስት፣ በሌላው ሦስት ደረደሩ። «ልጆቼ፣ ቁጠሩ» አሉ። «አዲስ አበባ ላይ ሁለት ለዜሮ ብናሸንፍ ድምሩ አምስት ለአምስት ነው። እኩል ከሆነ ደግሞ በሰው ሜዳ ብዙ ያገባ ያልፋል። እኛ በሰው ሜዳ ሦስት አለን፣ እነሱ ገና ምንም የላቸውም።»

«አንድ ቢያገቡብንስ ጋሼ?»

«ያኔ ሁለት አይበቃም፣ ሦስት ይጠበቅብናል።»

ቀጥለውም ካርቱም ላይ በመሸነፍ እኛ የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆንን ነገሩን። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደው በየካቲት 1957 እ.ኤ.አ. እዚያው ካርቱም ነው። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ፖሊሲዋ ምክንያት ከውድድሩ ስለወጣች የተጫወቱት ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። ተጋጣሚያችን ደቡብ አፍሪካ ስለነበረች ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው ግብፅ አራት ለዜሮ አሸነፈን። አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ተጫዋች ነው። «ታዲያ አለቀ?» አሉ ጋሼ። በጥር 1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ያችኑ ግብፅ በተጨማሪ ሰዓት አራት ለሁለት አሸንፈን ዋንጫውን ወሰድን።

ቀለም ቀቢው ጓደኛችን ግን አልተዋጠለትም። «ጋሼ፣ እኛ በሰው ሜዳ የሠራነው መቼ ተቆጥሮልን ያውቃል?» አለና ተነሣ። እውነቱን ነበር፤ የሁለት ወር ሥራ ሠርቶ ገንዘቡን ተከልክሎ ነበር። መስቀል ሳይደርስ በሊቢያ መንገድ መውጣቱን ሰማን። አልተሰናበተንም።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. መልሱ አዲስ አበባ ስታዲየም ሲካሄድ አራት ሆነን እዚያችው ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። ዙሪያችን ሁሉ ሱዳናዊ ነው። ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ። ብዙ ሳይቆይ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ። ሁለት ለዜሮ፣ ልክ ጋሼ በብርጭቆ እንዳስቀመጡት! በሰው ቤት ነን ብለን ጩኸታችንን ለመዋጥ ሞከርን፣ አልሆነም። ዳኛው ሲያበቃ ጋሼ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። ባለ ሱቁ ሱዳናዊ ፊቱን አጥቁሮ ከቆየ በኋላ መጥቶ «መብሩክ» አለን። የሻዩንም አልተቀበለንም።

በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድናችን እንዲህ ሆኖ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ዋንጫው የተዘጋጀው ደግሞ በዚያችው በ1957ቱ ውድድር ባልተጫወተችው ደቡብ አፍሪካ ነበር። እዚያም ሁሉም ነገር ማር አልነበረም። የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን አንድ ለአንድ ካቆምን በኋላ፣ በቡርኪና ፋሶ አራት ለዜሮ፣ በናይጄሪያ ሁለት ለዜሮ ተሸንፈን ተመለስን። ቢሆንም ሄደናል።

ኅዳር ውስጥ የማናውቀው ቁጥር ደወለ። ቀለም ቀቢው ነው፣ ከትሪፖሊ። እንዴት እንደደረሰ ሳይነግረን፣ ጤና ሳይለን፣ «ስንት ለስንት?» አለ። ነገርነው። ዝም ብሎ ቆየና «ተቆጠረች በለኛ!» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ካወቀው፣ ሻይ ቤት የቀረ ሒሳብ እንዳለበት ይንገርልን።

ሱቅ ዐረቢም ዛሬ ያ ሱቅ ዐረቢ አይደለም። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ገበያው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ሠራዊቱ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. መሃል ከተማውን መልሶ ሲይዝ በወጡት ፊልሞች ላይ ያየነው የጠቆረ ግድግዳና የተገነጠለ የሱቅ በር ነው። ልብስ ሰፊውም፣ ባለ ሱቁም፣ ሻይ የምታፈላው እህታችንም ያሉበትን አናውቅም። እኛን ያስጠጉን ሰዎች ራሳቸው ስደተኛ ሆነዋል። ሰላም ያውርድላቸው።

ይህን ስንጨርስ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ያ ሕግ እኮ አውሮፓ ውስጥ ቀርቷል» አለን። ልክ ነው፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በ2021 እ.ኤ.አ. ሰርዞታል። ለሚቀጥለው ዙር ሌላ ሕግ ሊወጣ ይችላል። ያን ቀን ግን ሦስት ጎል አስቆጥሮ የተሸነፈ ቡድን ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ እኛ ነን ሳንቆጥር ተስፋ የቆረጥነው።

በማግስቱ ከሜዳው ላይ የተጣሉት ማሊያዎች አንድም አልቀሩም። ማን እንዳነሣቸው አልጠየቅንም። ትናንት አመሻሽ ላይ ግን ያ የማለው ልጅ በአጥሩ በኩል ኳስ ሲያንጠባጥብ አይተነዋል።